የአባዬ ወረቀት በአማርኛ

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ዛሬም ሦስተኛ ክ/ጊዜ ላይ ጠመኔ አለቀ። 10ኛ ቢ። የቀረውን በአፌ ጨረስኩት፤ ጉሮሮዬ ቆስሏል። ቤት ስደርስ አባዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። የሚያልፍ ተማሪ ሁሉ ሰላም ይላቸዋል። እሳቸውም አያሳልፉም፤ የማን ልጅ ነህ፣ ከየት ቀዬ ነሽ እያሉ ያስቆሟቸዋል። ሆዳቸው ከትናንት ዛሬ ጨምሯል። ዓይናቸው የጎመን ዘር አበባ መስሏል።

ቦርሳዬን ሳላወርድ ጠየቁኝ። ያው ጥያቄ ነው። ድግሱ ከጾም በፊት ይሁን ወይስ ከገና በኋላ? እኔም ያችኑ መልስ። ሙሉቀን ሲመጣ እንነጋገራለን። ውሸታም ሆኛለሁ። አንተ ደብተር፣ ቢያንስ አንተን አልዋሽህም።

ስለዚህ ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት እፈነዳለሁ። ከባሕር ዳር ሆስፒታል ይዘውት የመጡት ወረቀት እኔ ጋ ነው። ሻንጣ ውስጥ፣ ከዲግሪዬ ሥር። አንድ ገጽ ብቻ። ኢንድ ስቴጅ ሊቨር ዲዚዝ ይላል። ፑር ፕሮግኖሲስ ይላል። ፓሊየቲቭ ኬር አት ሆም ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ከ8 እስከ 12 ሳምንት። በአማርኛ ስመልሰው፦ የአባዬ ጉበት አልቋል፣ የሚያድን ሕክምና የለም፣ ቤታቸው ይቀመጡ፣ ከገና አያልፉም። ይኸው ነው።

ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን ነው ያሳከማቸው። መካነ ኢየሱስ እህል ይነግዳል። ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው ብሎ ወገዳ እኔ ጋ አመጣቸው። ከዚያ ወጥ ቤት አስገባኝና አስማለኝ። በሟቿ እናታችን፣ በእማማ አጥንት። ለአባዬ አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ። ሰው ሞቱን ካወቀ ተስፋ ይቆርጣል፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው ደግሞ ነገ ይሞታል አለ። ማልኩ። ለምን ማልኩ? ሦስት ቀን ሙሉ የምጠይቀው ይኼን ነው።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

የዛሬው የንዴቴ ተራ የዶክተሩ ነው። በየቀኑ አንድ ሰው ይደርሰዋል።

ሙሉቀን እንደነገረኝ ከሆነ ሰውዬው የእኛው አገር ልጅ ነው። እስቴ ተወልዶ ያደገ። አባዬ አልጋው ጠርዝ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀምጠው፣ እሱ በእሳቸው ራስ ላይ አሻግሮ ለሙሉቀን በእንግሊዝኛ ነገረው። የሙሉቀን እንግሊዝኛ ከስምንተኛ ክፍል አያልፍም፤ ቢሆንም ኢንድ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። አባዬ ምን አለ ብለው ጠየቁ። ሙሉቀን ጉበትዎ ትንሽ ደክሟል፣ ለጥምቀት ይሻልዎታል አላቸው። ዶ/ሩ ቆሞ ሰማ። አማርኛ የሚችል ሰው፣ ምናልባትም እናቱ ከአባዬ ጋር አንድ ገበያ የምትውል ሰው፣ ዝም አለ።

እንግሊዝኛ ሳስተምር ስምንት ዓመቴ ነው። መጨረሻን የሚጠራበት ስንት ቃል እንዳለው ዛሬ በነፃ ክ/ጊዜዬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ፋይናል። ላስት። ተርሚናል። ኢንድ ስቴጅ። አድቫንስድ። ሁሉም ታጥበው የተተኮሱ ናቸው። የእኛው “አለቀ” እንኳ ሰውን ፊት ለፊት ያያል። እነዚህ ግን ጓንት አጥልቀው የሚነኩህ ቃላት ናቸው። እኔስ? ከነሱ ደመወዝ የምበላ ሰው ነኝ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ገበያ ዋልኩ። አባዬ አብሬ ካልሄድኩ አሉ። በግድ አስቀረኋቸው፣ አኮረፉ። ከሰዓት ስመለስ የሉም።  ለካ በትራቸውን ይዘው እስከ እህል ተራው ወርደዋል፤ አጥር ጥግ ከተማሪ ጋር ሲያወሩ አገኘኋቸው። ተቆጣኋቸው፤ አባቴን፣ በአደባባይ። ተከተሉኝ። አሁን ድረስ ያሳፍረኛል።

ማታ እራት ላይ የድግሱን ነገር በደንብ አወጡልኝ። የሚፈልጉት የቁም ተዝካር ነው፤ ሰው ሳይሞት፣ በገዛ እጁ የሚያበላው። ስለ ነፍስ ብቻ አይደለም። ድሮ በቀዬው መሬት ሲደለደል ኮሚቴ ነበሩ። የመለኪያውን ገመድ የያዙት እሳቸው ናቸው። የወ/ሮ ጥሩነሽን፣ ባሏ የሞተባትን ሴት፣ የምንጭ ዳር መሬት ቆርሰው ለሌላ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ሕጉ ነው ብዬ ነበር አሉ። ሕጉ እንዳልነበረ ያን ጊዜም ያውቁ ነበር። አሁን ያችን ሴት፣ ሌሎቹንም፣ በአንድ ዳስ አስቀምጠው፣ አብልተው፣ ቆመው ይቅርታ መጠየቅ ይፈልጋሉ። ከሞቱ በኋላ በሚበላው ተዝካር ባዶ ዳቦ ነው የሚታደለው፣ ይቅርታ የሚጠይቅ የለበትም አሉኝ። ሥቀው ነበር።

አሁን ቁጠር ደብተር። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። በሬ የሚታረድበት የመጨረሻው ቅዳሜ ኅዳር 13 ነው። ጠላው እንዲደርስ ብቅሉ በዚህ ሳምንት፣ ቢዘገይ በሚቀጥለው መነከር አለበት። ያ ካለፈ ከገና በኋላ ነው። ከገና በኋላ የሚባል ነገር ደግሞ ለአባዬ የለም። እሳቸው አያውቁም፣ እኔ አውቃለሁ፣ አፌን በእማማ አጥንት ዘግቼዋለሁ።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ምንታምር የምትባል የ10ኛ ቢ ልጅ ከክፍል ስወጣ ጠበቀችኝ። ጎበዝ ናት፣ ፊት ተቀምጣ የማትናገር። ከደብተር የተቀደደች ቁራጭ ዘረጋችልኝ። ኢንድ ስቴጅ ተጽፎበታል። ምን ማለት ነው ቲቸር?

ቁራጩን መለስኩላት። ግን አስተማሪ ነኝ። የአንድ ነገር የመጨረሻው ደረጃ ማለት ነው አልኳት። በሽታ ላይ ከሆነስ? አለችኝ። በሽታ ላይ ከሆነ ከዚያ በኋላ ሌላ ደረጃ የለም አልኳት። የት አገኘሽው ስላት ፌስቡክ ላይ አለች። ዓይኗን ሰበረች። ኔትወርክ ከጠፋ አራት ቀኑ ነው።

ምናልባት አጋጣሚ ነው። ይሁን። አጋጣሚ ነው ብዬ ልተኛ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

አጋጣሚ አይደለም።

ዛሬ ደግሞ ይበልጣል የሚባል የ11ኛ ኤ ልጅ መጣ። ፑር ፕሮግኖሲስ። እሱም ቁራጭ ወረቀት ይዟል። እጁ ላይ እንዳለ አየሁት፤ የጂዋ ጅራት ረዝማ ወደ ግራ ተቆልምማለች። ያቺን ጅራት አውቃታለሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ያለች ጅራት ናት።

ነገርኩት። ሐኪም የበሽተኛው ነገር ወደየት እንደሚያመራ የሚገምተው ግምት ነው፣ ፑር ካለው ደግሞ አይድንም ማለቱ ነው አልኩት። ልጁ ጻፈ። 

ቤት ሮጥኩ። ሻንጣው እንደተቆለፈ ነው። ወረቀቱ ከዲግሪዬ ሥር ነው። ታዲያ ማን? ሙሉቀን ለአንዱ አሳይቶ ይሆን? ወሬው ወገዳን ሞልቶ አባቴ ብቻ ሳይሰማ ቀርቶ ይሆን? በንዴት ምሳ አልበላሁም። የአባዬንም ሾርባ አሳረርኩት። ምንም ሳይሉ ጠጡት፤ እሱም አናደደኝ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ፣ 10 ሰዓት

ትዕግስት፣ 12ኛ። ፓሊየቲቭ።

ክንዷን ያዝኳት። ማን ሰጠሽ?  ላለመናገር ቃል ገብታ ነበር፤ አስጨነቅኳትና አወጣችው። አባትዎ ናቸው ቲቸር አለች። አንዷን ቃል ለሷ፣ አንዷን ለሌላ ልጅ። ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ብቻ። አስተማሪሽን ጠይቂና የነገረችሽን በአማርኛ ጽፈሽ አምጪልኝ ብለዋት ነው። ለምን እንደሆነ አልነገሯትም።

ቃሉን ፈታሁላት። መዳን የማይችል በሽተኛ እንዳይሠቃይ የሚደረግ ሕክምና ነው አልኩ። ከዚያ አየችኝ። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሞኝ አይደለችም። ገባት። እንባዋ መጣ። እኔን ግን ንዴት ነው የመጣብኝ።

12 ሰዓት

አሁንም አልበረደልኝም። ሞታቸውን ቆራርሰው ለልጆች አሸከሙ! ያቺ ትዕግስት ዛሬ ምን ይዛ ቤቷ ገባች? የእኔስ ነገር? ሦስት ጊዜ በገዛ አፌ ነገርኳቸው። ልጆቹን እያስተማርኩ መስሎኝ አባቴን መርዶ አረዳሁ።

አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። እራታቸውን ሁለት ጉርሻ ጎርሰው አቆሙ። ስለ ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል። ዘንድሮ ጎበዞች ናቸው? አሉኝ። ጎበዞች ናቸው አልኩ። 

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ኔትወርክ መጣ። ለሙሉቀን ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ አባዬ ያውቃሉ፣ ብቅሉ ይነከር፣ መሐላውን አንሣልኝ። ጮኸብኝ። ስንዴው ሲታጨድ አዲስ አበባ ሊወስዳቸው ነው። ሌላ ሐኪም አለ። ሐኪሙን የሚያውቅ ሰው ያውቃል። ከገና በኋላ ድነው ሲመጡ ያገር ሰው እስኪገረም ይደገሳል። ስንዴው መቼ ታጭዶ፣ መቼ ተወቅቶ! አባዬ እስከ ደብረ ታቦር አውቶቡስ ላይ መቀመጥ አይችሉም፣ እሱ አዲስ አበባ ይለኛል።

“እሳቸው ገምተው ነው” አለኝ። “ገምቶ የሚኖር ሰው ብዙ ነው። አንቺ አረጋግጠሽ አትግደያቸው።”

አትግደያቸው! ለሁለት ሳምንት ያጠብኩ፣ ሌሊት ያገላበጥኩ እኔ። እሱ በሳምንት አንድ ጊዜ ብርቱካን ይልካል። አልኩት፤ ይኼንን ሁሉ አልኩት። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። ሙሉቀን ሲያለቅስ የሰማሁት እማማ የተቀበረች ቀን ብቻ ነው። ተናድጄ ስለነበር ዘጋሁበት። መልሼ ልደውል ነበር፤ አልደወልኩም።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ከት/ቤት ቀጥታ መጥቼ ፊታቸው ቁጭ አልኩ። አባዬ፣ የተማሪዎቹን ወረቀት ያምጡ አልኩ። አልደነገጡም። ከጋቢያቸው ሥር የመድኃኒት ካርቶን አወጡ። ባሕር ዳር ሙሉቀን ሌላ መድኃኒት ሊገዛ ሲወጣ፣ ወረቀቱን ትራስ ላይ ጥሎት ስለነበር፣ ካርቶኑ ጀርባ ላይ በእርሳስ ገልብጠውታል። የእንግሊዝኛውን ፊደል አያውቁም፤ ቅርፁን ነው የሳሉት። መሠረተ ትምህርት የተማርኩ ጊዜም እንዲሁ ነበር የጀመርኩት አሉ፤ መጀመሪያ መሳል፣ ከዚያ ማንበብ።

ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ አማርኛው ተጽፏል። የመጨረሻው ደረጃ። አይድንም። እንዳይሠቃይ የሚደረግ። የእኔ ቃላት በእሳቸው እጅ። ማንበብ አቃተኝ፣ ግን አነበብኩት።

ለምን በልጆች በኩል? ለምን እኔን አልጠየቁኝም? ጮህኩባቸው መሰለኝ። አስጨርሰው ሰሙኝ።

“ወጥ ቤትሽ ግድግዳው ስስ ነው” አሉ። “ስትምይ ሰምቻለሁ። በእናቷ አጥንት የታሰረች ልጄን መሐላሽን አፍርሺ ልበላት? ለተማሪ ደግሞ እንደማትዋሺ አውቃለሁ።”

ከዚያ ጣታቸውን ካርቶኑ ታች ላይ አኖሩ። 8፣ ሰረዝ፣ 12። ከአጠገቡ አንድ ቃል። አማርኛ አልተጻፈበትም። ቁጥሩን ያውቁታል። ቃሉን ነው ያላወቁት፤ ቀን ይሁን፣ ሳምንት፣ ወር ይሁን፣ ዓመት። ይኼንንማ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ያነብልዎት ነበር አልኳቸው።

“አውቃለሁ። ይችን ለልጅ አልሰጥም ብዬ ነው። ይችን አንቺ ንገሪኝ።”

እማማን አሰብኳት። አጥንቷን። እማማ ብትሆን ኖሮ ገና ከአውቶቡስ ሲወርዱ ትነግራቸው ነበር፤ በሕይወቷ አንድ ነገር ደብቃቸው አታውቅም። ሳምንት ነው አልኩ።  አባዬ ሳምንት ነው።

በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ወረቀቱ ከተጻፈ ሦስተኛው ሳምንት ነው። ኅዳር ላይ ደረሱ፣ ታኅሣሥ ላይ ደረሱ፣ ገና ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።  እኔ ለማልቀስ እየጠበቅኩ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀና ብለው ብቅሉ ዛሬውኑ ይነከር አሉኝ። ጎረቤት ሄጄ ገብስ አመጣሁ። ያለቀስኩት ገብሱን ሳጥብ ነው።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ሙሉቀን በጠዋቱ መኪና መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ ገባ። የተነከረውን ብቅል አየ፣ እኔን አየ። አንቺ አላለኝም፣ ስሜንም አልጠራኝም። የእማማ አጥንት ይፍረድሽ አለኝ። ይፍረደኝ አልኩት። አንተንም ይፍረድህ፣ አባትህን እንደ ዓይነ ሥውር ልትሸኝ የነበርክ።

አባዬ ከውስጥ ጠሩት። በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። አልተቆጡትም፤ ያ ነው የገረመኝ። እህል ጭነህ አዲስ አበባ ስትሄድ መቼ እንደምትመለስ ትነግረኛለህ፣ እኔም የምሄድበትን ቀን ባውቅ ምን አለበት አሉት። ሙሉቀን እግራቸው ሥር ተቀመጠ።  ከዚያ ሥራ ሰጡት። ቀዬው ወርዶ ሰው የሚጠራው እሱ ነው። መጀመሪያ የወ/ሮ ጥሩነሽ ደጅ። ባትቀበልህ ነገም ሂድ፣ ከነገ ወዲያም አሉት። ምን ብዬ ልጥራት አለ። “አባቴ ሊሞት ነው፣ ሳይሞት ሊያይሽ ይፈልጋል በላት። ሳትጨምር ሳትቀንስ።”

ሙሉቀን ያንን ዓረፍተ ነገር ለመድገም ሦስት ጊዜ ሞከረ። “ሊሞት” ላይ ሲደርስ ይቆማል። አባዬ እንደ ተማሪ አስደገሙት። በአራተኛው ወጣለት። የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ምሳ እንኳ ሳይበላ ወጣ። ሲያልፍ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። ንዴቴ አልወጣልኝም፣ ግን እጁን አልገፋሁትም።

ከሰዓት አባዬ ወረቀቱን ሙሉውን በአማርኛ ጻፊልኝ አሉ። ለንስሐ አባቴ የማሳየውን ራሴ ላንብበው፣ በሰው አፍ በቃኝ አሉ። ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ጉበቱን ጻፍኩ። የመጨረሻውን ደረጃ ጻፍኩ። ግምቱን፣ ሳምንቱን ጻፍኩ። ፓሊየቲቭ ላይ ቆምኩ። ሕመም ማስታገሻ አልኩ፣ ሰረዝኩት። የድጋፍ እንክብካቤ አልኩ፣ ሰረዝኩት። የጤና ቢሮ ፖስተር ነው የሚመስለው። ለዚህ እንኳ ቃል የለንም ብዬ እስክሪብቶውን ወረወርኩት። አባዬ አልጋ ላይ ጋደም እንዳሉ ምን ማለት ነው አሉኝ። አስረዳኋቸው። የሚያድነው የለም፣ ግን አጠገቡ ሆነው ያጥቡታል፣ ያገላብጡታል፣ እንዳያመው ያደርጋሉ፣ እስኪያልፍ።

“ማስታመም ነዋ” አሉ። “ይኼው ሦስት ሳምንት ስትሠሪው የከረምሽውን።”

ጻፍኩት። አንድ ቃል። ስምንት ዓመት ዲግሪ ይዤ!

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ሙሉቀን ሌሊቱን ቀዬው አድሮ ማለዳ ደወለ። ወ/ሮ ጥሩነሽ ትናንት በሯን አልከፈተችለትም። ዛሬም ደጇ ላይ እንደተቀመጠ ነገረኝ። ቀጥል አልኩት።

አባዬ ማታውን አልተኙም። ሆዳቸው ትንፋሻቸውን ይዞባቸዋል፤ በትራስ ደግፌያቸው ተቀምጠው አደሩ። አሁን ሸለብ አድርጓቸዋል። እኔ የፈቃድ ፎርም እየሞላሁ ነው። ት/ቤቱ ውስጥ የፈቃድ ፎርም ሞልቼ አላውቅም። ምክንያት የሚለው ላይ የቤተሰብ ጉዳይ ብዬ ጽፌ ነበር፤ አናደደኝ። እኔም ጓንት ማጥለቅ ጀመርኩ እንዴ? አጠፋሁት። አባቴን ላስታምም ብዬ ጻፍኩ። ደመወዙን ይቁረጡት። ክ/ጊዜዬን ለፈለጉት ይስጡት። 10ኛ ቢ ያለ እንግሊዝኛ ሁለት ወር ቢቀመጥ የሚሞት የለም።

አንድ ሣጥን ቀረኝ። ከ፦ ጥቅምት 28። እስከ፦

ይኼን አልሞላም። ር/መምህሩ ያልተሞላ ፎርም አይፈረምም ይለኛል፣ አውቀዋለሁ። እንግዲህ ይሞክረኝ።